ሶመርቪል ራሷን የቻለች ከተማ ናት ወይስ የቦስተን ሰፈር?

ይህን ክር፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተው ሰው የጀመረው በድፍረት ነው። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ከቦስተን ጎን ሶመርቪል የምትባል ከተማ የለችም ባይ ነው። ካርታ ላይ መስመር ተሰምሮላታል፣ ከንቲባም አላት፤ ግን ከቦስተን የሚመጣ ሰው መቼ እንደገባባትና መቼ እንደወጣ ሳያውቀው ያልፋታል። ታሪክ የላትም፣ መልክ የላትም፣ ቦስተን የተረፋትን ሰው የምታሳድርበት የእንጨት ቤት ክምር ናት ሲል ደመደመ። መጨረሻ ላይ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ የምትል መስመር ጣል አደረገ። ያቺን መስመር ያየ ሁሉ ሊያርመው ተነሳ። ክሩ አሁን 30 መልስ ደርሷል፤ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው እኔ ላውጋው። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው፤ በኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስም እሱ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከቻርልስታውን ጀመረ። የዛሬዋ ሶመርቪል እስከ 1842 ድረስ የቻርልስታውን ገጠር ነበረች። ቻርልስታውን ባሕር ዳር የተጨናነቀች ልሳነ ምድር ናት፤ ከጀርባዋ ደግሞ እርሻና የከብት ግጦሽ። ገበሬዎቹ ግብር ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ግን የሚውለው እዚያ ባሕር ዳር ላለው መንገድና ትምህርት ቤት ነው። በዚህ ተማረሩና በ1842 ተገንጥለው የራሳቸውን ታውን (ከከተማ ደረጃ በታች ያለ አስተዳደር) አቋቋሙ። ያኔ አንድ ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነበሩ። በ1872 ከተማ ተባሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ ቻርልስታውን ራሷ በቦስተን ተጠቀለለች። እንግዲህ ገበሬዎቹ በግብር ባይጣሉ ኖሮ ሶመርቪል ዛሬ የቦስተን ሰፈር ትሆን ነበር፤ የጥያቄው ባለቤትም ትክክል ይሆን ነበር።

2ኛው አመሰገነና ስፋቷ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። 3ኛው መለሰለት፦ 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በ2020 ቆጠራ 81,045 ሰው ተገኝቶባታል፤ በኒው ኢንግላንድ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ባሉት ግዛቶች፣ ከሷ የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ ከተማ የለም። 4ኛው ወዲያው እርማት ይዞ ከተፍ አለ። በኒው ኢንግላንድ አዎ፣ በአሜሪካ ግን አይደለም፤ ከኒውዮርክ ማዶ ያሉት እነ ዩኒየን ሲቲ፣ ጉተንበርግና ሆቦከን ይበልጧታል አለ። 5ኛው ስለ አሜሪካ ማን ተናገረ ሲል ጠየቀ። 6ኛው እንደገና ያው 4ኛው ነው፤ ማንም እንዳይሳሳት አስቀድሜ ነው አለ። ይህን ሰው ወደድኩት። እንደሱ ያለ ሰው ከሌለ ክር ክር አይመስልም።

7ኛው መልስ ረጅም ነው፤ አንብቡት። ጥግግቱ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ቁጥር ይዞ ቀረበ። በ1870 የሕዝቡ ብዛት 14,685 ነበር። በ1900 61,643 ሆነ። በ1930 103,908 ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ በቆጠራ ያን ያህል ሆኖ አያውቅም። በ60 ዓመት ውስጥ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። መጀመሪያ በፈረስ የሚጎተት ትራም መጣ፣ ከዚያ የኤሌክትሪኩ። ቦስተን የሚሠራ ሠራተኛ በርካሽ ዋጋ እዚህ አድሮ ጠዋት መሄድ ቻለ። ከተማዋ ውስጥም ሥራ ነበር፦ ጡብ የሚያመርቱ፣ የአሳማ ሥጋ የሚያሽጉ ትልልቅ ቄራዎች፣ የመስታወት ፋብሪካ፣ የነሐስ ቱቦ ፋብሪካ። የእርሻ ባለቤቶች መሬታቸውን ቆራርሰው ለግንበኛ ሸጡ። እያንዳንዱ በገዛ መሬቱ ላይ መንገድ አወጣ፤ የጎረቤቱ መንገድ የት እንደሚደርስ ግን ግድ አልነበረውም። መንገዶቹ ዛሬ ድረስ የማይገጣጠሙት ለዚህ ነው ይላል ጸሐፊው።

እኔን ያስገረመኝ ግን 7ኛው ራሱ ብዙም ያላተኮረበት ነገር ነው። በ1930 ከዛሬው ከ20 ሺህ በላይ የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር፤ ያውም አብዛኛው በነዚሁ ቤቶች ውስጥ። ከተማዋ በጣም ተጨናነቀች ብሎ ስብሰባ ላይ የሚጮህ ሰው ይህን ቁጥር ቢያየው ጥሩ ነው።

8ኛው እነዚህ ቤቶች ውስጥ ከሚኖሩት አንዷ ናት። ቤቷ ትሪፕል ዴከር የሚባለው ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት፣ በየፎቁ አንድ ቤተሰብ። ስለ ፊት ለፊቱ ምንም አላወራችም። ያወራችው ስለ ጓሮው በረንዳ ነው። ሦስት በረንዳ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። ከበረንዳው እስከ ጓሮው ምሰሶ የልብስ ገመድ በመዘውር ተዘርግቷል። ገመዱ ሲሳብ መዘውሩ ሲጢጥ ይላል፤ በዚያ ድምፅ የትኛው ፎቅ ልብስ እያሰጣ እንደሆነ ታውቃለች። ላይ ያሉት ሰዎች ጫማቸውን ሲያወልቁ አንደኛው ጫማ ወለሉ ላይ ዷ ካለ በኋላ ሁለተኛውን ሳትወድ በግድ ትጠብቃለች። ከጎረቤት ቤት ጋር ያለው ክፍተት ደግሞ አንድ መኪና በጭንቅ የሚያሳልፍ ነው፤ መስተዋት ማጠፍ ግድ ነው።

9ኛው በትሕትና አረማት። ሶመርቪል ሲባል ሁሉም ትሪፕል ዴከር ያስባል፤ እዚህ ይበልጥ የሚበዛው ግን የሁለት ቤተሰብ ቤት ነው፣ ከላዩ ጣሪያ ሥር ክፍል ያለው። ትሪፕል ዴከር በገፍ ማየት የፈለገ ቦስተን ውስጥ ወዳለው ዶርቼስተር ወይም ዉስተር ወደምትባለው ሌላ ከተማ ይሂድ አለ።

10ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው የእንጨት ቤት ናፍቆት ሰልችቶኛል አለ። እሱ በተከራየበት ቤት ማሞቂያው የካቲት ላይ ሞተ፤ አከራዩ ስልክ አላነሳም፤ ልጆቹን ኮት አልብሶ አስተኛ። ታሪክ ታሪክ የምትሉት በመስኮት የሚገባ ብርድ ነው ብሎ ዘጋው። 11ኛው ሙግት ውስጥ ሳይገባ መፍትሔ ነገረው። በማሳቹሴትስ የጤና ደንብ መሠረት በብርዱ ወራት ቤቱ ቀን 68፣ ሌሊት 64 ዲግሪ ፋረንሃይት መድረስ አለበት። ካልደረሰ የከተማው ተቆጣጣሪ ይጠራል፤ መጥቶ ለክቶ ይጽፋል። ወረቀቱ ከአከራዩ ስልክ የተሻለ ይሠራል። 10ኛው አመሰገነ፤ ቁጣው ግን እንዳለ ነው።

12ኛው መልስ የክሩ ባለቤት ራሱ ነው። አልተረታም። ግብርና ትራም ታሪክ አይባልም፣ ታሪክ ማለት የሆነ ነገር የተፈጸመበት ቦታ ነው አለ። እንዲህ ማለቱ አልበጀውም።

ምክንያቱም 13ኛው ፓውደር ሀውስን አመጣበት። ዛሬ መናፈሻ መሃል ቆሞ የሚታይ ክብ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ክዳኑ እንደ ሾጣጣ ቆብ። በ1700ዎቹ መጀመሪያ የነፋስ ወፍጮ ሆኖ ተሠራ። በ1747 ቅኝ ግዛቱ ገዛውና የባሩድ መጋዘን አደረገው። መስከረም 1 ቀን 1774 ገና ሳይነጋ 260 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች በጄኔራል ጌጅ ትእዛዝ በጀልባ በሚስቲክ ወንዝ መጡ፤ 250 ግማሽ በርሜል ባሩድ ጭነው ሄዱ። ወሬው እየተጋነነ ተዛመተ፤ ጦርነት ተጀመረ፣ ቦስተን ተቃጠለች ተባለ። በማግስቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው መሣሪያውን ይዞ ካምብሪጅ ላይ ተሰበሰበ። ተኩስ ሳይከፈት ተበተነ። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት የመጀመሪያው ጥይት ሌክሲንግተን ላይ የተተኮሰው ከሰባት ወር በኋላ ነው። 13ኛው እንደሚለው አብዮቱ የተለማመደው እዚህ ነው። ትንሽ አጋኗል፤ ብዙ ግን አልተሳሳተም።

14ኛው ፕሮስፔክት ሂልን ጨመረ። ቦስተን በተከበበች ጊዜ የዋሽንግተን ጦር ምሽግ ነበር፤ ጥር 1 ቀን 1776 የቅኝ ግዛቶቹ የጋራ ባንዲራ የተሰቀለው እዚህ ነው ይባላል። ዛሬ ኮረብታው ላይ በ1903 የተሠራ የድንጋይ ግንብ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 1 ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። 15ኛው ይባላል የምትለዋን ቃል ያዛት። የባንዲራ ታሪክ ከሚያጠኑት አንዳንዶቹ ያኔ የተሰቀለው ያው የእንግሊዝ ባንዲራ ነበር ብለው እንደሚከራከሩ አስታወሰ። በዚህ ላይ ሁለቱ ብዙ ሊጨቃጨቁ ነው ስል ተዉት።

16ኛው መልስ ላይ ክሩ ዝም አለ ማለት ይቻላል። ጸሐፊዋ ኮረብታ ሁሉ ጀግና አያበቅልም አለች። ዛሬ ኢስት ሶመርቪል በሚባለው በኩል፣ ገና የቻርልስታውን መሬት ሳለ፣ የኡርሱሊን ካቶሊካውያን መነኮሳት የሴቶች ትምህርት ቤት ያለው ገዳም ነበራቸው። አንዲት መነኩሲት ያለ ፈቃዷ ታስራለች የሚል ወሬ ተነዛ። ነሐሴ 11 ቀን 1834 ሌሊት የተቆጣ ሕዝብ ገዳሙን አቃጠለው። መነኮሳቱና ተማሪዎቹ በጓሮ አምልጠው ተረፉ። አንድ ልጅ ብቻ ተፈረደበት፤ እሱም በኋላ ምሕረት ተደረገለት። ገዳሙ ካሳ አላገኘም። ቆይቶ ኮረብታው ራሱ ተቆፍሮ አፈሩ ተወሰደ፤ ዛሬ ቦታው ሜዳ ነው። ካቶሊክ አይሪሾችና ጣሊያኖች በኋላ ከተማዋን የሞሉት በዚያ ቦታ ዙሪያ መሆኑን ብቻ ጠቅሳ ወጣች።

17ኛው ነገሩን ወደ ኋላ ወሰደው። በ1631 የቅኝ ግዛቱ ገዢ ጆን ዊንትሮፕ ቴን ሂልስ የሚባል ሰፊ እርሻ ነበረው፤ ስሙ አሁንም በሚስቲክ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ላይ ቀርቷል። ከእርሻው ከፊሉ በ1730ዎቹ ከአንቲጓ በስኳር ሀብት በከበረው አይዛክ ሮያል እጅ ገባ። ሮያል ሰዎችን በባርነት ይዞ ነው የመጣው። ቤቱና ባሪያዎቹ ይኖሩበት የነበረው ሕንፃ ሜድፎርድ ውስጥ ዛሬም ቆመዋል። 18ኛው ተቆጣ፤ ሜድፎርድ ሌላ ከተማ ናት፣ በያንዳንዱ ክር ይህን ማምጣት ለምን አስፈለገ አለ። 17ኛው መለስ ብሎ መሬቱ አንድ እርሻ በነበረበት ጊዜ ድንበሩ የት ነበር ብሎ ጠየቀው። አንድ ሁለት ስድብ ተወራወሩ። 19ኛው የአወያዩ ነው፤ ስድቦቹን ሰርዞ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። እኔ እዚህ ላይ ከ17ኛው ጋር ነኝ። መነሻው ታሪክ የላትም የሚል ክር ውስጥ ታሪኩ ደስ የማይል ሲሆን የጎረቤት ነው ማለት አያስኬድም።

20ኛው አየሩን ቀየረው፤ ስለ ባቡር አነሳ። የክሩ ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ነው። የቦስተንና ሎውል ባቡር በ1835 ሥራ ሲጀምር ሐዲዱ በዚህች መሬት ላይ አለፈ። ሌሎችም ተከተሉት። ከተማዋ በሐዲድ ተቆራረጠች። ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ትራሙ ሲነሳ ባቡሮቹ ጭሳቸውን ትተው ሳይቆሙ ማለፍ ጀመሩ። ሬድ ላይን የተባለው የምድር ባቡር ወደ ሰሜን ሲረዝም በመጀመሪያው ሐሳብ ዴቪስ ስኩዌርን አይነካም ነበር፤ ነዋሪው ታግሎ አስጠመዘዘው፤ ጣቢያው በ1984 ተከፈተ። እስከ 2014 ድረስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የነበረው የሜትሮ ጣቢያ እሱ ብቻ ነው። በ2014 ኦሬንጅ ላይን ላይ አሴምብሊ ተጨመረ። ፎርድ ከ1926 እስከ 1958 መኪና የገጣጠመበት ቦታ ነው፤ ዛሬ አፓርታማ፣ ሱቅና ቢሮ ሆኗል።

ግሪን ላይንን ደግሞ ለብቻው ጻፈው። ቦስተን መሃል ያለው አውራ ጎዳና ከመሬት በታች ሲገባ፣ ለሚመጣው የመኪና ብዛት ማካካሻ ይሆናል ተብሎ በ1990 ቃል የተገባ ባቡር ነው። 30 ዓመት አለፈው። ወጪው ሲያብጥ በ2015 ሊቀር ጫፍ ደረሰ፤ ሶመርቪል 50 ሚሊዮን፣ ካምብሪጅ 25 ሚሊዮን ዶላር እናዋጣለን አሉ። ዩኒየን ስኩዌር መጋቢት 2022፣ ወደ ሜድፎርድ የሚሄደው ቅርንጫፍ ታኅሣሥ 2022 ተከፈቱ። አጠቃላይ ወጪው 2.3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ።

21ኛው ይህን ሲያነብ ሳቀ፤ የንዴት ሳቅ። ያ ሁሉ ዓመት ተጠብቆ በ2023 ሐዲዱ ጠቦ መገኘቱን አነሳ። ባቡሩ አንዳንድ ቦታ ላይ በሰዓት 3 ማይል እንዲሄድ ታዘዘ። እሱ ከባቡሩ ቀድሞ በእግሩ እንደሚደርስ አስልቷል። 4ኛው ከተደበቀበት ወጥቶ ሐዲዱ እንደገና መስተካከሉን አስታወሰ። 22ኛው መልስ ይኸው ነው።

23ኛው የኪራይ መናርን በሙሉ ባቡሩ ላይ ጫነ። ጣቢያ ገና ሳይከፈት ቤት ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ ስሙን ይጽፉ ነበር፣ ዩኒየን ስኩዌር የነበሩ የብራዚልና የሳልቫዶር ቤተሰቦች ወደ ኤቨረትና ወደ ሪቪር ሄዱ አለ። እውነት አለው። 24ኛው ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሁን ሲል መለሰ፤ ጥፋተኛው ባቡሩ አይደለም፣ የዞኒንግ ሕጉ፣ የት ምን ዓይነት ቤት መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ፣ ነው ባይ ነው። ከዚያ የሰማሁ ጊዜ ያላመንኩትን ነገር አመጣ። የከተማዋ ባለሙያዎች ራሳቸው ሲያጠኑ፣ ከነበሩት የመኖሪያ ቦታዎች ሁሉ የከተማዋን የራሷን የዞኒንግ ሕግ የሚያሟሉት 22 ብቻ ሆነው ተገኙ።  ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳውን ሰፈር መሥራት ሕገወጥ ነበር ማለት ነው። ሕጉ በ2019 ታደሰ፤ ትሪፕል ዴከር በመላ ከተማዋ የተፈቀደው ግን በ2023 ነው። ሐዲድ ሲመጣ ቤት እንዳይጨመር ከተከለከለ ዋጋው የት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። 23ኛው አልመለሰም። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ነገር እያወሩ ይመስለኛል። ይህች ከተማ የተጠጋጋችው ለድሃ ሠራተኛ በጥድፊያ ስለተሠራች ነው። ዛሬ የምትወደደው በዚያው በመጠጋጋቷ ነው፤ በእግር ሱቅ፣ በእግር ባቡር። ያንኑ እንደገና መሥራት ሲከለከል፣ ያለው ጥቂት ቤት ከሁሉ በላይ ለሚከፍል ሰው ይሆናል።

25ኛውና 26ኛው መንገድ ሳቱ፤ ደስ በሚል ሁኔታ። በ1917 አርቺባልድ ኩዌሪ የተባለ ሰው ፍላፍ የሚባለውን ዳቦ ላይ የሚቀባ ነጭ ጣፋጭ እዚችው ሶመርቪል ውስጥ ሠራ፤ ቤት ለቤት እየዞረም ሸጠው። ዩኒየን ስኩዌር በየዓመቱ የፍላፍ በዓል ይደረጋል። ጥርስ ያበላሻል፣ አያበላሽም ተባባሉ። ይብቃን።

27ኛው ከአዞረስ የመጡ ፖርቹጋሎች ጎረቤት ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከጽሑፋቸው ያስታውቃል፤ ሌሎቹም አንቱ ይሏቸዋል። የመጣው ሁሉ ያለፈው በነዚሁ ቤቶች ነው አሉ፦ አይሪሽ፣ ጣሊያን፣ ፖርቹጋል፣ ከዚያ ሄይቲ፣ ብራዚል፣ ሳልቫዶር። ከተማዋ በ1987 ለስደተኞች መጠለያ ነኝ ብላ ስታውጅ ከሳልቫዶር ጦርነት የሸሹ ሰዎች ምድር ቤቶች ውስጥ ይኖሩ እንደነበር ያስታውሳሉ። ስለ ዊንተር ሂል ወንበዴዎች የጠየቃቸው ሰው ነበር፤ ያኔ ያላየነውን ዛሬ አላይም ብለው አለፉት።

28ኛው ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰና ምስጢሩን አወጣ። ለካ ሰውዬው ቤት ሊከራይ ነው። ኢስት ሶመርቪል በኩል አንድ ሁለተኛ ፎቅ አይቷል፤ ዋጋው ከሌላው ረከስ ይላል፤ ለምን እንደረከሰ አልገባውም። ያ ሁሉ ፉከራ ለዚህ ነበር።

29ኛው ገባው። መስኮቱ ወደ የት ነው የሚያየው ብሎ ጠየቀው። ኢንተርስቴት 93 በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎ፣ ከፍ ባለ ድልድይ ነው ያለፈው፤ ቴን ሂልስን ከዊንተር ሂል ለየው። የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውራ ጎዳናው ዳር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ከመኪና ጭስ የሚወጡ ጥቃቅን ብናኞችን አጥንተዋል፤ ወደ መንገዱ ሲጠጉ ብናኙ ይበዛል። መኝታ ቤቱ ወደዚያ ከሆነ ተወው፣ በጓሮው በኩል ከሆነ ግን ሂድና ጠዋት ላይ መስኮት ከፍተህ ቁም አለው።

30ኛው እስካሁን የመጨረሻው ነው። የጻፉት ያው አዛውንት ናቸው። ቤቱን ከያዝክ መጀመሪያ የፓርኪንግ ፈቃድ አውጣ አሉት፤ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ማቆም ቅጣት ነው። የበረዶ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ፣ ሌላ የሚል ምልክት ከሌለ በቀር፣ መኪናህን ጎዶሎ ቁጥር ቤቶች ባሉበት ወገን አቁም። በሌላው ወገን ከተውከው ጠዋት አታገኘውም።